ጧፍ የበራበት ግድግዳ

ሥዕል መሳል ከባድ ነው ይባላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ የሚከብደው የሚሰቀልበትን ቦታ መምረጡ ነው። ሠዓሊ ብሩሽ ይዞ ሳለ ንጉሥ ነው፤ መዶሻና ሚስማር ሲያነሣ ግን የሰርግ ቤት አስተናጋጅ ይሆናል፤ ማንን ከማን አጠገብ እንደሚያስቀምጥ፣ ማንን ወደ ጥግ እንደሚገፋ ሲያስብ ላብ ያጠምቀዋል። ሰርግ ላይ በር ሥር ተቀምጣችሁ የምታውቁ የተገፋውን ስሜት አትጠይቁኝም።

ደሳለኝ ጓደኛዬ ነው። ደብረ ታቦር አብረን እናስተምራለን፤ እኔ ጂኦግራፊ፣ እሱ ሥዕል። በገበያ ቀን ሐሙሲት እየወረደ የገበያተኛውን ፊት ይነድፋል። ዘንድሮ እነዚያን ፊቶች ሰብስቦ አንድ አዳራሽ ውስጥ ኤግዚቢሽን ከፈተ። በቀለም የሠራቸውን መስኮት ባለበት ግድግዳ፣ በከሰል የሠራቸውን መስኮት በሌለው ግድግዳ ሰቀለ። ለከሰሎቹ አምፖል አዘጋጅቶላቸው ነበር። በመክፈቻው ጠዋት መብራት ጠፋ፤ ይኼን እንደ ዜና አትቁጠሩብኝ። ደሳለኝ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጧፍ ገዝቶ በየሥዕሉ ሥር ለኮሰ። በጣም አማረ። ሁለት የተማርን ሰዎች ቆመን ያየነው ብርሃንና ጥላውን ብቻ ነው።

እማማ ጥሩዬ ዘመድ ሊጠይቁ ከአንበሳሜ የመጡ እናት ናቸው። አበጀ የሚባል ልጃቸው ከቤት ከወጣ ከርሟል። መኖር አለመኖሩን የሚያውቅ የለም፤ እንዲህ ያለ ልጅ በየቤቱ ስላለ የሚጠይቅም የለም። ሰው ሲገባ አይተው ገቡና ከጧፎቹ ፊት ቆሙ። አበጀ ከወረቀቱ ላይ ያያቸዋል፤ ለካ ደሳለኝ ገበያ ላይ በግ ሲሸጥ ነድፎት ኖሯል።

«እኔ ብቻ ነኝ ለካ ያልተረዳሁ» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ልጄ የሞተ መቼ ነው?»

ደሳለኝ ማለ፣ ተገዘተ። ጧፉን የለኮሰው መብራት ስለጠፋ እንደሆነ፣ ልጁንም ከዚያ ገበያ ወዲህ አይቶት እንደማያውቅ ነገራቸው። እውነቱን ነው። ግን መርዶ በኛ አገር እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። መጀመሪያ ደኅና ነው ይባላል፤ ቀጥሎ ትንሽ አሞት ነበር ይባላል፤ የቀረውን ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ሲያዩ እናትየዋ ራሷ ትጨርሰዋለች። ደሳለኝ ምንም አልሆነም ባለ ቁጥር እማማ ጥሩዬ የበለጠ አመኑ። እኔም አጠገቡ ቆሜ መሬት መሬት አያለሁ።

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ሥዕል ሊያይ የመጣው ሰውም ግድግዳውን ተደግፎ ዙሪያውን ተቀመጠና አለቀሰ። ሁሉም ለአበጀ ያለቀሰ አይመስለኝም።

ደሳለኝ ሥዕሉን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ሊያዛውረው እጁን ሲዘረጋ እማማ ጥሩዬ ክንዱን ያዙት።

«ተወው መምህር። ካለም ይመጣል። እኔስ ማልቀሻ አጥቼ ነው የከረምሁት» አሉት።

 

ከዚያ ወዲህ እናቶች የልጆቻቸውን ፎቶግራፍ ይዘው ይመጣሉ፤ ደሳለኝም በከሰል ይሠራላቸዋል። ሠርቶ ሲጨርስ የት ልስቀለው ይላቸዋል፤ በመስኮቱ በኩል ወይስ በጧፉ? እስካሁን የመለሰችለት እናት የለችም። ሥዕሎቹ አዳራሹ መሃል ወለሉ ላይ ተደርድረዋል፤ ሊያይ የሚገባው ሰው እንዳይረግጣቸው ዳር ዳሩን ይሄዳል።