ዓይናቸውን የማይከድኑት የኔታ

"እኔ እንቅልፍ የሚባል አላውቅም" የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር እስካሁን አልተቆረቆረም። ተቆርቁሮም ከሆነ ሰዉ ሁሉ ተኝቶበት ወሬው አልደረሰንም።

ከሞላሌ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን ይህን ማዕረግ የያዙት መሪጌታ መልከ ጼዴቅ ናቸው፤ የዜማ መምህር፣ የማኅሌት መሪ፣ የትራስ ባላንጣ። እኔ በልቤ "ሊቀ ትጉሃን ዘኢይነውም"፣ የማይተኙ የትጉሃን አለቃ፣ ብዬ ከሾምኳቸው ቆይቻለሁ። "አገሩን ያጠፋው ትራስ ነው" ይላሉ። ገብሱን ውርጭ ቢመታው ጥፋቱ የትራስ ነው፤ ልጆች ፈተና ቢወድቁም የትራስ ነው። የጎረቤታቸው የወዳጆ በሬ ገደል የገባ ጊዜም ያው ትራስ ተከሰሰ። በሬ ትራስ እንደሌለው የነገራቸው ሰው ካለ እኔ አይደለሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት እሳቸው ዘንድ ነው፣ አለንጋቸውንም አልረሳሁትም።

የራሳቸው ደብር ማኅሌት አይበቃቸውም። የጎረቤት ታቦት በነገሠ ቁጥር ገደል ወርደው ዳገት ወጥተው ሄደው፣ ቆመው ያድራሉ። ራቤል ድረስ የሚጠሩበትም ጊዜ አለ። ሲነጋ ተማሪ ይጠብቃቸዋል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወይ ለቅሶ ወይ ማኅበር አይታጣም። "ታዲያ መቼ ይተኛሉ የኔታ?" ሲባሉ "መቋሚያዬን ደገፍ እላለሁ" ይላሉ። እንቅልፋቸው እሱው ነው።

ዘንድሮ ለኅዳር ጽዮን ጥቂት ቀን ሲቀረው ቀኝ ጉልበታቸው አበጠ። ቀልቷል፤ ሲነኩት ይፋጃል። ያኔ መንደሩ በሙሉ ሐኪም ሆነ። ወዳጆ "የጓሳ ብርድ ነው" አለ። ወለተ ኢየሱስ የምትባለው የክርስትና ልጃቸው "ዓይን ነው" አለች። የኔታ ራሳቸው "ትራስ ነው" ሊሉ አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ፣ ትራስ እንደሌላቸው ትዝ ብሏቸው መሰለኝ፣ መልሰው ገጠሙት።

ለጽዮን ቆመው ካልመሩ ዓመቱ ለእሳቸው ዓመት አይደለም። "ተቀምጬ ከምዘምር ቅበሩኝ" ሲሉ ደነገጥንና በቅሎ ላይ አስቀምጠን ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው።

ነርሷ ሲስተር ማርያማዊት ጉልበቱን አየች፣ ደማቸውን አስመረመረች፣ መድኃኒት አዘዘች። ከዚያ "እንቅልፍስ ይተኛሉ?" አለቻቸው።

"ልጄ፣ እኔን ያመመኝ ጉልበቴ ነው።"

"አውቃለሁ አባቴ። ሰው እንቅልፍ ሲያጣ ሰውነቱ ውስጥ ውስጡን ይቆጣል። የታመመ መገጣጠሚያ ሲኖር ደግሞ ይብስበታል። ካልተኙ መድኃኒቱ ብቻውን ለጽዮን አያቆምዎትም።"

"ማን ላይ ነው የሚቆጣው?"

"እርስዎ ላይ ነዋ!"

እኔ አላስችል ብሎኝ ገባሁበት። "ሲስተር፣ ጉልበታቸው ያበጠው እንቅልፍ ስላጡ ነው ወይስ እንቅልፍ ያጡት ጉልበታቸው ስላበጠ ነው?"

"አንዱ ሌላውን ያባብሰዋል። በእሳቸው የቱ እንደቀደመ እኔም እርግጠኛ አይደለሁም" አለችኝ።

ስሄድ ብርድ ነው ብዬ አምን ነበር፤ ስመለስ የማምነው ነገር አጣሁ።

የኔታ ለጽዮን ሲሉ እሺ አሉ። በጠራራ ፀሐይ መደባቸው ላይ የሱፍ ባና ተከናንበው ጋደም አሉ። ጥፋቱ የመጣው ከዚህ ነው። በእኛ አገር በቀን ጋደም ያለ ሰው ይጠየቃል። ወሬው ሞላሌ ገበያ ደርሶ ሳይመለስ ቤቱ ጢም አለ። በሶ የያዘ፣ አረቄ የያዘ፣ ጠበል የያዘ ይገባል። "የኔታ፣ የኔታ! ለመሆኑ እንቅልፍ ይወስድዎታል?" ይላል አንዱ፣ ከእንቅልፋቸው ቀስቅሶ። ጠያቂን አስቀምጦ መተኛት ነውር ነውና ይነሣሉ፣ ያጫውታሉ፣ መርቀው ይሸኛሉ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል።

በማግስቱ ጉልበቱ ባሰ። መባሱ ሲሰማ ጠያቂው በዛ። የባሰባቸው ጠያቂው ስለበዛ ነው ወይስ ጠያቂው የበዛው ስለባሰባቸው ነው? ሲስተርን ልጠይቃት አሰብኩና የምትመልስልኝን ስለማውቀው ተውኩት። ብቻ ፈራሁ። የእሳቸው ድምፅ የሌለበት ጽዮን አይቼ አላውቅም፤ ማየትም አልፈልግም።

ስለዚህ በነጋታው ደጃፋቸው ላይ ድንጋይ ስቤ ተቀመጥኩ። ወዳጆ አረቄውን ይዞ ከተፍ አለ።

"የኔታ የሉም" አልኩት።

"የት ሄዱ?"

"ራቤል።"

"በዚያ ጉልበት?"

"በበቅሎ ነዋ።"

በቅሎዋ ከጎኔ ድርቆሽ ትበላለች። ከውስጥ ደግሞ የኔታ ያንኮራፋሉ፤ ወፍጮ የተተከለ ነው የሚመስለው። ወዳጆ በቅሎዋን አየ፣ እኔን አየ፣ በሩን አየ። ከዚያ አረቄውን አስቀምጦ አጠገቤ ቁጭ አለ። ለቀጣዩ ጠያቂ "ራቤል ሄደዋል" ያለው እሱ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የኔታ እያነከሱ ብቅ አሉ። ጉንጫቸው ላይ የባናው መስመር ታትሟል።

"ዓይኔን አልከደንኩም" አሉ።

"አውቃለሁ የኔታ" አልኳቸው።

እስከ በዓሉ ድረስ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ራቤል ሄዱ። ጉልበቱም ቀስ በቀስ ጎደለ። መድኃኒቱ ይሁን፣ እንቅልፉ ይሁን፣ ጠበሉ ይሁን፣ ዛሬም አልገባኝም። ለጽዮን ግን ቆሙ። ያ የሚንቀጠቀጥ ድምፃቸው ሲወጣ እንባዬ መጣ፤ ወዳጆም አፍንጫውን በጋቢው ሲጠርግ አይቼዋለሁ።

ታቦቷ ከገባች በኋላ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ እኔ መጡ። ዙሪያቸውን ቃኘት አደረጉና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ያን ድንጋይ አላነሣኸውም አይደል?"

"ኧረ አላነሣሁትም የኔታ።"

"ደግ አደረግህ። ዛሬም ራቤል እሄዳለሁ።"