ቁርቁራው ሥር የቆመው ሰው

ሰው ነገሩን በቀረበው ቁጥር አጥርቶ የሚያይ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር፤ ሸዋ ሮቢት መሬት ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ፣ አውሮፕላን ከሰማይ ባነሳው ፎቶ ላይ የገበሬ ድንበር በማውስ ማስመር እስክጀምር ድረስ። ከሩቅ ሆናችሁ ስታሰምሩ መስመሩ ራሱ የጋሪ መንገድ ያህል ይወፍራል፤ እጃችሁ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ የአንዱን ማሳ ለሌላው ትሸልማላችሁ። ልጠንቀቅ ብላችሁ ስታጎሉት ደግሞ ማሽላው፣ ቦዩ፣ ፍየሉ ሁሉ ይበታተንና ባለቀለም ካሬ ብቻ ይቀራል። የፎቶው ጥራት እስከዚያው ነው።

እትዬ ዘሐራና ጎረቤታቸው ጋሽ ሙሄ ከቀወት ተካሰው መጡ። የእትዬ ዘሐራ ባል ሰይድ ከሞተ ወዲህ፣ ጋሽ ሙሄ ድንበር ላይ የነበረውን የቁርቁራ ዛፍ ቆርጠው እርሻቸውን ወደ ሴትዮዋ ማሳ ገፋ አድርገዋል። አሁን ዛፉ የት እንደነበር ሁለቱ አይስማሙም። እትዬ ዘሐራ ያላቸው ያ ማሳ ብቻ ነው፤ እሱም ከተቆረሰ ምን ሊበሉ ነው? ፎቶው የተነሳው ዛፉ ሳይቆረጥ ስለነበር ፍርዱ እኔ ስክሪን ላይ ወደቀ።

አጎላሁት፤ ካሬ። አራቅሁት፤ ነጥብ። መሐል ላይ ሳቆመው ዛፉ ታየ። ከጎኑ አንድ ቀጭን ነገር ቆሟል።

"ወላሂ ሰይዴ ነው!" አሉ እትዬ ዘሐራ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳርፈው። "ከሱብሂ ሰላት ሲመለስ እዚያች ቆሞ ማሳውን ሳያይ ቤት አይገባም ነበር።"

ጋሽ ሙሄን ላብ አጠመቃቸው። የሮቢት ሙቀት ነው እንዳልል፣ የተቀመጡት ማራገቢያው ፊት ነው።

"ልጄ፣ እሱ የቆመበት ድንበር ይሁን። እኔ ሰይድን አልፌ አላርስም" ብለው ወጡ።

ሁለቱም ሲሄዱ ሳቄ መጣ። የዛፍ ጥላ ፈርቶ መሬት የሚለቅ ሰው አየሁ እኮ! መስመሩን ላሰምር ስል ግን የዛፉን ጥላ አገኘሁት፤ ማለዳ ነውና እንደ ፍየሎቹ ጥላ ሁሉ ወደ ምዕራብ ተዘርግቷል። ያ ቀጭን ነገር የቆመው ግን በምሥራቅ በኩል ነው። የራሱ ጥላ ደግሞ የለውም።

የጥራት ጉድለት ነው፤ ሌላ ምን እላችኋለሁ? መስመሩን ግን አንድ ካሬ ሳላዛንፍ እግሩ ሥር አሳለፍኩት። አጉልቼ ፊቱን ላየው ፈልጌ ነበር፤ ተውኩት።

ቀና ብሎ ቢያየኝስ?