በደቂቃ የሚከፈልበት የወንድሜ አእምሮ

ቆይ ቆይ፣ ሳቄን ልጨርስ! ይኸው፣ እንባዬን ጠረግሁ። ደግሞ ገና ዋናውን መች ነገርኳችሁ፤ እሱ ወደ ኋላ ነው፣ አትቸኩሉ። መርሳት እኮ እንደ ሰውየው ዕድሜ ስሙ ይለያያል። እኔ ገበያ ወርጄ ጨው ረስቼ ስመለስ «ሐሳብ በዝቶባት ነው» ይሉኛል። ሰባን ያለፈ ሰው ጨው ከረሳ ግን ልጆቹ ተጠራርተው ይመክሩበታል። ያው ጨው ነው።

ታላቅ ወንድሜ ባሳ፣ ከሶዶ ወዲያ፣ ገሱባ ነው የሚኖረው፤ ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ብቻውን፣ ከእንሰቱና ከአንዲት ላሙ ጋር። ልጁ ማርታ ሐዋሳ የቢሮ ሠራተኛ ናት። አንድ ሰሞን ባሳ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ደውሎ ላሟ መውለዷን ነገራት። እኔ ብሆን ሦስቴ እነግራት ነበር፤ ጥጃዋን ስላላያችኋት ነው። ቀጥሎ ግን አንድ እሁድ ከጸሎት ቤት ሲመለስ የገዛ በሩን አልፎ ሄደ፤ ጎረቤት ነው የመለሰው። ይኼኛው እኔንም አላሳቀኝም። ማርታ «ቤቱም ላሙም ይሸጥና እኔ ጋ ይምጣ» አለች። ባሳ ደግሞ ከዚያ ቤት ሰው ተሸክሞት ካልሆነ በእግሩ እንደማይወጣ ነገራት።

ማርታ የተማረች ናትና መላ አመጣች። የሽማግሌ አእምሮ እንዳይዘነጋ በኢንተርኔት የሚያሠለጥን ትምህርት አለ አለች፤ ውጭ ያለች ጓደኛዋ ከፈለችላት። ባሳ በሳምንት ሦስት ቀን እኔ ወዳለሁበት ሶዶ ይመጣል፣ መናኸሪያው አጠገብ ከድር ሱቅ ውስጥ ይቀመጣል፣ ኮምፒውተሩ ሥዕሎች ያሳየውና ይሸፍናቸዋል፣ እሱም የቱ የት እንደነበር በጣቱ ያሳያል። ነጥቡ ሐዋሳ ድረስ ለማርታ ይደርሳታል። ነጥቡ ካደገ ገሱባ ይቀራል፤ ከወረደ ሐዋሳ ይሄዳል። ተስማማን። የትምህርቱ ክፍያ፣ የከድር የደቂቃ ሂሳብ፣ የመኪናው ታሪፍ፣ ምሳው… ያኔ በየስብሰባው «ወጪ ቆጣቢና ውጤታማ» የሚሉት ነገር ነበር፤ የእኛው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ እንጃ። መብራት ሲሄድና ኔትወርክ ሲጠፋ መጠበቅ ነው። መጠበቁ በነጻ ነበር።

ከድር አባቱ ከስልጤ መጥተው የከፈቱትን ሱቅ የወረሰ፣ ከጓዳው ሁለት ኮምፒውተር የደረደረ፣ ሰው ወዳድ ነጋዴ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ባሳን ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩ ጃንጥላ፣ ጀልባ፣ ዝሆን፣ መሰላል፣ ምን የቀረው አለ፣ አሳይቶ ሸፈነ። ባሳ ጣቱን አንስቶ መልሶ አወረደው። አሁን እናንተ ፍረዱ፤ ሽማግሌ ተጠይቆ ሲቸገር እያየ አፉን ዘግቶ የሚቆም ሰው እኛ አገር ታውቃላችሁ?

«አባባ፣ ዝሆኑ ከላይ በግራ ነው!» አለ ስኳር ሊገዛ የቆመው።

«ጀልባውን እኔ አይቼዋለሁ!» አለ የሚኒባሱ ረዳት።

በሁለተኛው ሳምንት ሥራ ተከፋፈሉ። ዘመኑ የአንድ ለአምስት ነው፣ መደራጀት ለምደናል፤ አንድ ሰው አንድ ሥዕል ይይዛል። ከድር ሚዛኑን ትቶ «ጃንጥላው የእኔ ነው፣ ማንም እንዳይነካብኝ!» ይላል። ባሳ እንደ ዳኛ መሀል ተቀምጦ፣ ግራ ቀኙን ሰምቶ፣ ጣቱን ያሳርፋል። ነጥቡ ሽቅብ የዳሞታን ተራራ ወጣ። እኔ ማጭበርበር መሆኑ አልታየኝም። አብሮ መብላት ካለ፣ አብሮ ማስታወስ ምን ነውር አለው?

ማርታ ግን ሳትናገር ከች አለች። «አክስቴ፣ እኔ ራሴ ሞክሬው የአባዬን ግማሽ ነው ያገኘሁት» አለችኝ። ሱቁ ስንገባ ባሳን አሥራ አንድ ሰው ከቦታል፣ በመሰላሉ ነገር ክርክር ተነስቷል። ሁሉንም አስወጣችና «አሁን ብቻህን፣ አባዬ» አለች።

ብቻውን አንድ አገኘ። ዝሆኑን። ዝሆን ማን ይረሳል? ግን ማንም አልሳቀም፤ ከድር እንኳ የጸዳ መደርደሪያ ይወለውል ጀመር። ማርታ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ነገ ሐዋሳ እንሄዳለን።»

ባሳ ቀስ ብሎ ተነሳ። «እሺ ልጄ። ብቻ ቆይ፣ የሰው መልእክት ይዣለሁ።»

ይኸውላችሁ ዋናው! ለካስ ባሳ በሳምንት ሦስቴ ይመላለሳል ሲባል የገሱባ ሰው ሁሉ ስልክ መደወል ትቶ በእሱ መላክ ጀምሮ ኖሯል፤ ካርድ ለምን ይቃጠላል? መኪናው ውስጥ አጠገቡ የሚቀመጠውም ሁሉ የራሱን ይጨምርበታል። እኛ ከኋላ፣ እሱ ከፊት ሆነን ከተማውን ዞርን። ለልብስ ሰፊው «የወርቄ ልጅ ቀሚስ ለቅዳሜ ይድረስ፣ ክንዱ ይጥበብ»። ለቦይና ነጋዴዋ «ሥሩን ቆፍረናል፣ ሐሙስ እንጭናለን፣ ቦታ ያዢ»። ለአንዷ የወንድሟ ትኩሳት መልቀቁን ነገራት፤ መንገድ ላይ ቆማ አለቀሰች። ሰባት መልእክት፣ ያለ ወረቀት፣ ከነሰላምታው፣ ከነዘመዱ። ማርታ በጣቷ ትቆጥራለች። አንዱን እርግጥ ተሳሳተ፤ የበሬ ዋጋ ለሰፊው ነገረው። ሰፊው በሬ የለውም፤ ቢሆንም መርከሱን ሰምቶ ደስ አለው።

«አባዬ፣ ይኼን ሁሉ እንዴት ያዝከው?»

«የሰው ነዋ! የራሴን ብረሳ የምራብ እኔ ነኝ። የሰው ብረሳ ግን ነገ መኪና ውስጥ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ?»

ማርታ ሰፊው በር ላይ ካለችው በርጩማ ተቀመጠች። እኔም አልዋሻችሁም፣ ባሳ ዛሬም ይረሳል፤ እሁድ እሁድ ጎረቤት እስከ በሩ ያደርሰዋል። የጠቀመው ኮምፒውተሩ ይሁን ኮረኮንቹ መንገድ፣ የተማሩት ይመርምሩት።

በመጨረሻ ማርታ አፍንጫዋን ጠርጋ «የኮምፒውተሩ ይቅር፤ እዚያው ኑር። መመላለሱን አትተው፣ ታሪፉን እኔ እከፍላለሁ። ግን እንዳትንገላታ ሁልጊዜ ጋቢና ነው የማስይዝልህ» አለችው።

ባሳ እንደተሰደበ ሰው አያት።

«ጋቢናውስ ይቅርብኝ ልጄ፤ ሹፌር መንገድ እያየ ምን ወሬ ይሰማል? ይልቅ ከኋላ፣ አራት ከተጠጋጉበት፣ መሀል አድርጊኝ።»