ወጣት ያደረገኝ የስኳር ኪኒን

ሰው ደመወዝተኛ እያለ «ምነው ከዚህ ኑሮ በገላገለኝ!» ሲል ይከርምና፣ ጡረታ በወጣ ማግስት መቶ ዓመት መኖር ያምረዋል። ለምን እንደሆነ እንጃ። እኔም በወጣሁ በሁለተኛው ወር ይኸው አምሮት ያዘኝ።

ያስያዘኝ ታደሰ ነው። ታደሰ የድሮ መሥሪያ ቤት ባልደረባዬ፣ የዛሬ የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ ሲሆን፣ ኢንተርኔት ላይ ያነበበውን ሁሉ እንደ ወንጌል የሚቀበል ሰው ነው። አንድ ቀን አራተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለከ መጣና፣ ፈረንጆች ለሌላ በሽታ የተሠሩ መድኃኒቶችን «እርጅናን ያዘገዩ ይሆን?» እያሉ ማወዳደር ጀምረዋል አለኝ። አንዱ ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ኪኒን፣ አንዱ አስፕሪን፣ ሌላው ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች የሚወስዱት ነው።

«እኛስ ከማን እናንሳለን?» አለ።

እውነትም፣ ከማን እናንሳለን?

ሦስተኛውን ፍለጋ ፋርማሲ ገባን። ፋርማሲስቷ ከላይ እስከ ታች አየችንና «ኩላሊት የተተከለው ለየትኛችሁ ነው?» አለች። ታደሰ ወደ እኔ ጠቆመ፤ እኔ ወደ እሱ። ተባረርን። ስለዚህ እሱ አስፕሪን ደረሰው፣ እኔ ሜትፎርሚን። ባለቤቴ አልማዝ ስኳር ስላለባት ኪኒኑ መሳቢያዋ ውስጥ ነበር። ሰረቅሁ አልልም፤ ለምርምር ወሰድኩ።

በሳምንቱ ውጤቱን ለመለካት ከፈረንሳይ ሰፈር እስከ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በእግር ልንወጣ ተስማማን። የቀደመው ሰው መድኃኒት አሸነፈ ማለት ነው። ዳገቱን እንዳጋመስን ታደሰ ባሕር ዛፍ ተደግፎ ሲያቃስት፣ በእኔ ሆድ ውስጥ ያልተፈቀደ ሰላማዊ ሰልፍ ተነሳ። ለማረጋጋት ሞከርኩ፤ ሰልፈኛው አልበተን አለ። ከዚያማ ሮጥኩ። ሽቅብ፣ ጫካ ለጫካ! እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች መንገድ ለቀቁልኝ።

ስመለስ ታደሰ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ጠበቀኝ። «በሠላሳ ዓመት እንዲህ ስትሮጥ አይቼህ አላውቅም!» አለኝ። ማስተባበል ነበረብኝ። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ብላችሁ ታስተባብላላችሁ?

በማግስቱ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ታደሰ ነው። «እትዬ አልማዝ፣ ያቺን ኪኒን ለእኔም ቢያካፍሉኝ» አለና ሩጫዬን እያጋነነ ይተርክላት ገባ፤ ለዓመታት ስትውጠው ለኖረችው ሴት! ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ይሉ የለ?

አልማዝ ወደ መሳቢያዋ ሄደች። ስትመለስ የጎደለውን እሽግ በእጇ ይዛለች።

«ዕድሜህን የምታረዝመው ከእኔ ላይ ቆርሰህ ነው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። መሬቱን እያየሁ ዛሬውኑ ገዝቼ እንደምተካ ነገርኳት። መተካቱንስ ኋላ ተካሁ።

እሷ ግን ኪኒኑን የጀመረች ሰሞን ሆዷ ያሳያት መከራ ትዝ ሳይላት አልቀረም፤ ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነከሰች። ወደ ታደሰ ዞረችና ጠየቀችው።

«ሲሮጥ ሶፍት ይዞ ነበር?»

ታደሰ የዋህ ነው፤ ከልቡ አሰበ።

«አይ፣ ባዶ እጁን ነበር። ሲመለስ ግን አንድ እግሩ ካልሲ አልነበረውም።»