አርባ አባወራ የያዘው ምሥጢር

(በደርግ ዘመን፣ ባሕር ዳር፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ። የኮሌጅ መምህሩ አምሐና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛው ጎረቤቱ ቢያዝን ከሲኒማ ቤት ወጥተው ጣና ዳር ካለው ዋርካ ሥር ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። አምሐ ፊልም አይቶ ተደስቶ የወጣበት ቀን የለም። የእሱ ደስታ የሚጀምረው ወጥቶ መናቅ ሲጀምር ነው።)

አምሐ፦ ደደብ ነው አልሁህ! ክፉ አይደለም፣ ደደብ!

ቢያዝን፦ ባለ ጥቁር መነጽሩ?

አምሐ፦ እሱ እንጂ! የከተማዋን ውኃ በእንቅልፍ መድኃኒት በርዞ ሕዝቡን ሁሉ ሊያስተኛ ያሰበው። ለመሆኑ ተራራው ሥር የደበቀው ሠራዊት ስንት ነው?

ቢያዝን፦ ብዙ ናቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ቱታ ለብሰዋል። እኔን የቸገረኝ ወጥ የሚሠራላቸው ማን ነው?

አምሐ፦ ወጡን ተወው!

ቢያዝን፦ እንዴት እተወዋለሁ መምህር? ያን ያህል ሰው ጦሙን ውሎ ተንኮል ይሠራል?

አምሐ፦ እኔ የማወራህ ስለ ምሥጢሩ ነው! ያ ሁሉ ሰው ዓመት ሙሉ ትንፍሽ ሳይል ይቀመጣል? የእኛን ሰፈር እይ፤ አርባ አባወራ ነን። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ወጥ ሲያርርባት ከሽታው በፊት ወሬው ይደርሰናል። አርባ ሰው አንድ ነገር ደብቆ ከጠዋት እስከ ማታ ከዋለ፣ ይህን ዲግሪዬን ቀድጄ ጣና ውስጥ እጥለዋለሁ!

ቢያዝን፦ (ሻዩን አተኩሮ እያየ) አይቅደዱት መምህር። ለፍተውበታል።

አምሐ፦ ጀግና የተባለውስ! ሰውየው መጠጥ እየቀዳ በወሬ ሲያቆየው፣ ጭፍሮቹ በጓሮ በኩል ሲሰበሰቡ፣ አንዴ እንኳ «ይኼ ሰው ዛሬ ለምን እንዲህ ደግ ሆነብኝ?» ብሎ አይጠረጥርም?

ቢያዝን፦ ሌላ ሻይ ይምጣልዎ?

አምሐ፦ ይምጣ። አንተ ግን ዛሬ ምን ነካህ? ሲኒማውን ጋበዝኸኝ፤ ሻዩንም አንተው።

ቢያዝን፦ እንዲሁ ሆዴ ባብቶ ነው።

አምሐ፦ ደግሞስ ሰፈርተኛው ሁሉ እርከን ሊሠራ ሲወጣ አንተ እንዴት ቀረህ?

ቢያዝን፦ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሌላ ሥራ ሰጥተውኝ ነው።

አምሐ፦ የምን ሥራ?

ቢያዝን፦ ቀላል ነው። ተቀምጠው የሚሠሩት።

አምሐ፦ ለአንተ የሚሆንህን አውቀዋል! መጨረሻውማ አይወራ፤ ሞተ ተብሎ የተለቀሰለት ሰውዬ በጀልባ ከች! ሰው በገዛ ለቅሶው ላይ ከጀልባ ሲወርድ አይተህ ታውቃለህ?

ቢያዝን፦ እስካሁን አላየሁም።

አምሐ፦ ከሁሉ የባሰው ግን ያ ደደብ ጀግናውን ወንበር ላይ አስሮ ዕቅዱን ከሀ እስከ ፐ ሲተርክለት ነው። ማን ጠየቀው?

ቢያዝን፦ እንጃ። ያን ያህል ተንኮል አስቦ «ጎበዝ!» የሚለው ሰው ከሌለ ምን ደስ ይለዋል?

(አምሐን ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር ምላሱ ላይ ሲያሳክከው ነው የዋለው፤ ግራ ቀኙን ቃኘና ወንበሩን አስጠጋ።)

አምሐ፦ እውነተኛ ተንኮል እንዴት እንደሚሠራ ላስተምርህ?

ቢያዝን፦ ኧረ ይቅርብኝ።

አምሐ፦ ስማ እንጂ! ከእርከን ዘመቻው ሁለት እሑድ ቀርቻለሁ። ዛሬ ብደግም አሻጥረኛ ተብዬ እታሰር ነበር፤ ማስተማሬም ያከትም ነበር። ታዲያ ምን አደረግሁ? ትናንት ጓድ ደሞዝ ዘንድ ሄጄ፣ ፊቴን ጣል አድርጌ፣ «ደቅ ደሴት ያሉት አጎቴ በጠና ታመዋል የሚል መልእክት ደረሰኝ፤ ነገ ጀልባ በተገኘ ሰዓት ተሻግሬ ልጠይቃቸው» አልሁ። ሊቀመንበራችን እንባ አቀረሩ!

ቢያዝን፦ እኒያ ባለፈው ጥምቀት ቤትዎ የሰነበቱት? አጎትዎ ተክለ ጊዮርጊስ?

አምሐ፦ እሳቸው!

ቢያዝን፦ አልታመሙም?

አምሐ፦ እንደ ወይፈን ጤነኛ ናቸው! ብልሃቱን አየኸው? ሞቱ አላልሁም። ሞቱ ብል አገር ለቅሶ ይመጣብኛል። ታመዋል ብቻ! ሠራዊት የለ፣ ዋሻ የለ፤ አንድ ሰው፣ አንድ ቃል!

ቢያዝን፦ (ብርጭቆውን አስቀምጦ) መምህር፣ ሰው ሲሞት፣ መርዶ ከመነገሩ በፊት፣ ዘመዱ መጀመሪያ ምንድን ነው የሚባለው?

አምሐ፦ ምን ይባላል… በጠና ታሟል ይባ…

(ከወንበሩ ብድግ አለ።)

ቢያዝን፦ ጓድ ደሞዝ ማታውኑ እድሩን ሰበሰቡ። «አጎቱ ሞተውበታል፤ ታመዋል ብለው ነው የላኩበት። ምስኪን፣ ገና አልተረዳም» አሉ። እስኪረዱ ድረስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ተባለ።

አምሐ፦ ማንም?

ቢያዝን፦ አርባውም አባወራ። ጠዋት ወይዘሮ የሻሽወርቅ በር ላይ ስታገኝዎ አልሳቀችም?

አምሐ፦ ከወትሮው የበለጠ ስቃ ነበር።

ቢያዝን፦ ወዲያው ጓዳ ገብታ ደረቷን ስትደቃ ነበር።

አምሐ፦ አንተስ?

ቢያዝን፦ የእኔማ ሥራ ድንኳኑ እስኪተከል፣ ሽማግሌዎቹ እስኪሰበሰቡ እርስዎን በወሬ ማቆየት ነበር። ሲኒማውም ሻዩም ከእድሩ ነው።

አምሐ፦ ሂድና አስቁማቸው!

ቢያዝን፦ መጡ እኮ።

(በመንገዱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወንዶችና ሴቶች ይመጣሉ፤ ከፊት ጓድ ደሞዝ።)

አምሐ፦ ወደ ሐይቁ የሚመጡት ለምንድን ነው?

ቢያዝን፦ ከደቅ የሚመጣውን ጀልባ ተከራይተውታል። እርስዎን ካረዱ በኋላ አብረን ተሻግረን አጎትዎ ቤት ልናለቅስ።

አምሐ፦ ቢያዝን፣ ወንድሜ፣ የእናቴ ልጅ! አለቅሳለሁ፤ ከዚያ ራሴን ስቼ እወድቃለሁ፤ ጉዞው ይቀራል። የምናውቀው ሁለት ብቻ ነን፤ አንተ ብቻ ዝም በል!

ቢያዝን፦ ዝም እላለሁ። ከተጠየቅሁ ግን መዋሸት አይሆንልኝም፤ እርስዎ ያውቁበታል።

(ጓድ ደሞዝ ደርሰው እጃቸውን አምሐ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ። ገና «አይዞህ» ሳይሉ አምሐ «አጎቴን!» ብሎ መሬት ለመሬት ተንከባለለ። ሴቶቹ ተቀበሉት። በዚያው መካከል ጀልባው ዳር ያዘ፤ አንድ ሽማግሌ የደረቀ ዓሣ ተሸክመው ወረዱ። የእህታቸውን ልጅ አፈር ላይ፣ ሰዉን ነጠላ አዘቅዝቆ ሲያዩ ዓሣውን ጣሉት። ማን ሞተ ብለው አልጠየቁም፤ ጮኸው ከለቀስተኛው መሐል ገቡ።)

ተክለ ጊዮርጊስ፦ ወይኔ! ወይኔ ቤቴ! ምን መዓት ወረደብን!

(አምሐ ድምፁን ለየው፤ ጩኸቱ ተቋረጠ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እስትንፋሱን ይዞ ጋደም አለ።)

ጓድ ደሞዝ፦ (እንባቸውን እየጠረጉ ወደ ቢያዝን ጠጋ ብለው) እኒህ ሽማግሌ አለቃቀሳቸው አንጀት ይበላል። ለሟቹ ምናቸው ናቸው?

ቢያዝን፦ ራሳቸው ናቸው።