የኔታ ሰይፈ ሥላሴ እና «ናይስ»

ቃልን ዘሩ ሳይነገር የማያሳልፍ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ላሊበላ ላይ ይህን ሹመት የያዙት የቅኔ መምህሩ የኔታ ሰይፈ ሥላሴ ናቸው። በቅኔ ቤት ግሱ ያልታወቀ ቃል ደጅ ይቆማል፤ የኔታ ይህን ሕግ ከጉባኤ ቤት አውጥተው በመላው ከተማ ላይ ደንግገውታል። ጤና ጣቢያ የታዘዘላቸውን ኪኒን፣ ነርሷ ስሙ ከየት እንደመጣ እስክትነግራቸው አልውጥም ብለው አርፍደዋል። እኔም «ቢዚ ነኝ» ብዬ አምልጫቸው አላውቅም። «ቢዚ የማን ልጅ ነው?» ይሉኛል።

ዘንድሮ የያዙት «ናይስ»ን ነው። ቱሪስቱ ቤተ ጊዮርጊስን አይቶ ናይስ ይላል፤ ሽሮ በልቶ ናይስ ይላል፤ አህያ ገፍታው ብታልፍም ናይስ ይላል። «ወይ ቃሉ ድሃ ነው፣ ወይ ሰዎቹ» አሉ የኔታ፤ ሊያጣሩም ቆረጡ።

በዚህ የተጨነቀው አስጎብኚው ደርበው ነው። እንግዳ ከጠፋ ከርሟል። አሁን ያገኛቸው አዛውንት ባልና ሚስት በማግስቱ ተራራው አናት ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም ይዟቸው ይውጣ አይውጣ ገና አልወሰኑም። የኔታን ሰላም ብቻ ብለው እንዲያሳልፏቸው ለመናቸው፤ እሺ አሉት። ሴትዮዋ ግን መቋሚያቸውን አይታ ናይስ አለች።

«በል ጠይቅልኝ፣ ከየት የመጣ ቃል ነው?»

ደርበው እየፈራ ተረጎመ። ባልና ሚስቱ ተያዩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲሉት ኖረው አስበውት አያውቁም። ባልየው ስልኩ ላይ ፈለገና ፊቱ ቀላ። ቃሉ ከላቲን ተነስቶ በፈረንሳይ በኩል ነው እንግሊዝ የገባው። ጥንት «የማያውቅ» ማለት ነበር፤ እንግሊዝ ሲደርስም «ቂል»። ከዚያ እየዋለ እያደረ ጥንቁቅ፣ በኋላም ደስ የሚል ማለት ሆነ። ሴትዮዋ የተሳደበች መስሏት ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች። ደርበው የአሸተኑ ጉዞ እዚያው እንደቀረ ቆጠረው።

የኔታ ግን ወደ ሴትዮዋ ዞሩ።

«ቂል ሆኖ ከቤቱ ወጥቶ እዚህ የደረሰ ቃል፣ ጥሩ መምህር አግኝቷል ማለት ነው።»

ይህ ሲተረጎምላት ሴትዮዋ ሳቀች። እንወጣለን፣ ግን እኒህ ሰው አብረውን ከመጡ ነው አለች።

በማግስቱ የኔታ በበቅሎ፣ ደርበውና እንግዶቹ በእግር ወጡ፤ እኔም ለወሬ ተከተልኩ። ዳገቱ ላይ ሴትዮዋ ጅብራ የሚባለውን ረጅም የደጋ ተክል አየችና ስሙን ጠየቀች። ሲነገራት አላቆመችም፤ ጅብራስ ከየት የመጣ ቃል ነው አለች። የኔታ በቅሎዋን አቆሙ። ግእዙን በልባቸው አገላብጠው አገላብጠው «አላውቅም» አሉ። ፊታቸው እንደዚያ በርቶ አይቼ አላውቅም። ወደ እኔም ዞረው፣ ምናልባት የአገውኛ ቃል ይሆናል ብለው፣ ከአገው ሽማግሌዎች አጣርቼ እንድነግራቸው አዘዙኝ።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስለ ጅብራ እጠይቃለሁ። ሰዎች ከሩቅ ሲያዩኝ መንገድ መቀየር ጀምረዋል።