የቁንጅና አሠልጣኟ

(በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለች ጠባብ ሱቅ። ከመጋረጃው ወዲህ የስፌት መኪና፣ የጨርቅ ቁርጥራጭና አንድ እግሯ የተሰበረ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት አሉ። ከመጋረጃው ወዲያ ትልቅ መስታወት፣ የፀጉር ማጠቢያና ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ። መስኮቱ ወደ መንገድ ተከፍቷል። ሁለት እህትማማቾች መስታወቱ ፊት ቆመዋል። ታላቅ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ተሰክቷል። ታናሽ ፀጉር ሠሪ ናት፤ እጇ ላይ ማበጠሪያ ይዛለች።)

ታናሽ፦ ጥርስ አይታይም አልኩሽ!

ታላቅ፦ ጥርሴ ካልታየ መሳቄን በምን ያውቃሉ?

ታናሽ፦ በዓይንሽ! የቁንጅና ውድድር ላይ ፈገግታ ከዓይን ነው የሚወጣው። ጥርስ የሚያሳየው ያልሠለጠነ ሰው ነው።

ታላቅ፦ (ዓይኗን አፍጥጣ) እንዲህ?

ታናሽ፦ ይሄ ሌባ ያየ ሰው ነው።

ታላቅ፦ (ዓይኗን አጥብባ) እንዲህስ?

ታናሽ፦ ይሄ ደግሞ መርፌ ላይ ክር ስታስገቢ ነው።

ታላቅ፦ እሱ እኮ ነው መልኬ። ሠላሳ ዓመት መርፌ ሳይ ፊቴ እንደዚያው ሆኖ ቀረ። አሁንማ መስታወት ሳልፍ “ይቅርታ እናቴ” ብዬ መንገድ እለቃለሁ።

ታናሽ፦ (ልትስቅ ስትል አፏን በእጇ ትሸፍናለች) አታስቂኝ! ሥራ ላይ ነን።

ታላቅ፦ አንቺ ግን ስትስቂ ሁሌ አፍሽን የምትሸፍኚው ለምንድን ነው?

ታናሽ፦ ሥልጠና ነው።

ታላቅ፦ እኔ ደግሞ ያቺ የተነቀለችው ጥርስሽ መስላኝ።

ታናሽ፦ አፍሽን ዝጊና ተራመጂ! ወደ ውድድሩ የሚወስደው መኪና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል፤ ሩብ ጉዳይ ሆኗል። ቀጥ በይ። ደረት ወደ ፊት፣ ሆድ ወደ ኋላ።

ታላቅ፦ ሆዴ ወደ ኋላ ከሄደ ከኋላ ያለው የት ይቀመጣል?

ታናሽ፦ ተራመጂ!

(ታላቅ አራት እርምጃ ትሄድና ትቆማለች።)

ታናሽ፦ ምን ሆንሽ?

ታላቅ፦ ደረስኩ።

ታናሽ፦ የት?

ታላቅ፦ የስፌት መኪናዬ ጋ። እግሬ ሌላ መንገድ አያውቅም።

ታናሽ፦ አምላኬ ሆይ! ሦስት ሳምንት ሙሉ! ሦስት ሳምንት ሙሉ አሠልጥኜሽ ዛሬም እንደ ቁምሳጥን ነው የምትዞሪው። ወገብ አዙሪ እኮ ነው ያልኩሽ፤ ወገብ!

ታላቅ፦ እሺ፣ መጀመሪያ የት እንዳለ አሳይኝ። በቀደም ልለካው ብዬ ሜትሩን ይዤ ዞሬ ዞሬ ደከመኝ።

ታናሽ፦ እይኝ! ለመጨረሻ ጊዜ ነው የማሳይሽ።

ታላቅ፦ ትናንትም ለመጨረሻ ጊዜ ነበር። ይቅርታ፣ አእምሮዬ ቶሎ አይቀበልም።

(ታናሽ ማበጠሪያውን አስቀምጣ ከመስታወቱ እስከ በሩ በኩራት ትራመዳለች፤ በሩ ጋ ቆም ብላ ትዞራለች። ውብ ነው። ታላቅ ወንበር ስባ ትቀመጣለች።)

ታላቅ፦ ስትዞሪ ትከሻሽ ትንሽ ቀድሟል መሰለኝ።

ታናሽ፦ የማን? የኔ? (እንደገና ትዞራለች) አሁንስ?

ታላቅ፦ አሁን አማረ። አንዴ ድገሚልኝ፣ አልያዝኩትም።

ታናሽ፦ (እየደገመች) አንቺ ቁጭ ብለሽ እኔ ላብ በላብ ሆንኩ! እሺ፣ መራመዱ ይቅር። ወደ ጥያቄው። ዳኛው እንዲህ ይልሻል፤ “ዕድሜዎ ስንት ነው?”

ታላቅ፦ (አንገቷን ደፍታ) ሃምሳ... ሁለት።

ታናሽ፦ ቀና በይ! ውድድሩ ከአርባ አምስት ዓመት በላይ ላሉ ሴቶች ነው፤ ዕድሜሽን አፍረሽበት ከሄድሽ ምን ልትሠሪ ሄድሽ? ዕድሜ ማፈሪያ አይደለም! ጮክ ብለሽ ንገሪያቸው!

ታላቅ፦ እውነትሽን ነው። አንቺስ ስንት ሆነሽ?

ታናሽ፦ እኔ ምን አገባኝ? አርባ ሦስት።

ታላቅ፦ ስንወለድ ሁለት ዓመት ነበር የምበልጥሽ።

ታናሽ፦ እና?

ታላቅ፦ አሁን ዘጠኝ ደርሷል። በየዓመቱ እኔ ብቻ እኮ ነው የማረጀው። እንዲህ ከቀጠልን እናትሽ ሆኜ እቀራለሁ።

ታናሽ፦ ከርዕስ አትውጪ! ሁለተኛው ጥያቄ። እያንዳንዷ ተወዳዳሪ ከአንዲት የማሳደጊያ ልጅ ጋር ነው የምትቀርበው፤ ከጎንሽ ቀጮ ትቆማለች። ዳኛው፣ “ከዚህች ልጅ ጋር ለምን ቆሙ?” ይላል። ምን ትያለሽ?

ታላቅ፦ “መኪናው ስላመጣን” እላለሁ።

ታናሽ፦ (ራሷን ይዛ) ይሄ የልጅቷ ሕይወት ነው እኮ! በመጪው ወር አሥራ ስምንት ትሞላለች፤ ከማሳደጊያው መውጣት አለባት። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ልጆች ሙያ ትምህርት ቤት ይገባሉ፣ ማደሪያም ያገኛሉ። ካልሆነ የት ትወድቃለች? ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ፀጉር ስታጥብ ዓይተሻት የለ? ካንቺ ስህተት የተነሳ ብትቀር መቼም ይቅር አልልሽም!

ታላቅ፦ ስለዚህ ነው የምፈራው። አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?

ታናሽ፦ እኔ ብሆን... (ቀና ትላለች፤ ድምጿ ይለሰልሳል) “ይህች ልጅ መጀመሪያ የመጣች ዕለት ውኃውን ሳትለካ የደንበኛዬን ጭንቅላት ልትቀቅልብኝ ነበር። ዛሬ ግን ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በእጇ ሥር እንቅልፍ ይወስደዋል። እጅ አላት። የሚጎድላት የምትቆምበት ቦታ ብቻ ነው።” እንዲህ ነው የሚባለው!

ታላቅ፦ (እርሳሷን አውጥታ ጨርቅ ላይ እየጻፈች) “... የምትቆምበት ቦታ ብቻ ነው።” ሸመደድሽው?

ታናሽ፦ ምኑን እሸመድደዋለሁ? ከአፌ ነው የወጣው። መሸምደድ ያለብሽ አንቺ!

ታላቅ፦ አዎ፣ ረስቼው። ይልቅ ቀሚሱን እንየው።

(ከመደርደሪያው ቀይ ረጅም ቀሚስ ታወጣለች። የታናሽ ዓይን ቀሚሱ ላይ ይቀራል።)

ታናሽ፦ ይሄን ነው... ይሄን ነው የሰፋሽው? ለራስሽ? ቀይ?

ታላቅ፦ አያምርም?

ታናሽ፦ ያምራል! አምሮ ሊገድለኝ ነው! ግን ይሄ ላንቺ እንዴት ይገባል? አንድ እግርሽን ብቻ ነው የሚይዘው!

ታላቅ፦ ጨርቁ ይለጠጣል።

ታናሽ፦ ጨርቁ ይለጠጣል፤ ግን እሱም አቅም አለው!

ታላቅ፦ እስቲ ልበሺውና ከታች የታጠፈው እኩል መሆኑን ልይ። አሻንጉሊቷ እንደሆነች እግሯ ተሰብሯል።

ታናሽ፦ ሁልጊዜ እኔ ላይ ነው የምትለኪው። (መጋረጃው ጀርባ ሄዳ ለብሳ ትመለሳለች። ቀሚሱ ልክክ ብሏል።) አየሽ? አየሽ ስህተትሽን? እኔን እንኳን ያለ ትርፍ ነው የያዘኝ!

ታላቅ፦ ትከሻው?

ታናሽ፦ ልክክ።

ታላቅ፦ ወገቡ?

ታናሽ፦ ልክክ! ቁመቱም ልክክ! ሠላሳ ዓመት የሰፋሽ ሰው የገዛ ራስሽን ልክ እንዴት ትስቺያለሽ? አሁን ምን ለብሰሽ ልትሄጂ ነው? ደንዛዛ! አይ አንቺ፣ ባትኖሪ ማን ያስቀኝ ነበር?

ታላቅ፦ አትቀመጪ፣ ስፒል አለው። (ጀርባዋ ሄዳ የቀረውን በመርፌ ቶሎ ቶሎ ትሰፋለች።)

ታናሽ፦ ምን እያደረግሽ ነው?

ታላቅ፦ ዚፑ ላይ ሁለት መርፌ ቀርቶኝ ነበር። (ክሩን በጥርሷ ትበጥሳለች) በቃ። ፀጉርሽንስ ዛሬ በማለዳ ለምን ሠራሽው?

ታናሽ፦ ላንቺ ለማሳየት ነዋ! “እንዴት እንደሚጠቀለል አልገባኝም” ብለሽ በራሴ ላይ አሠራሽኝ እኮ!

ታላቅ፦ ቅንድብሽንስ?

ታናሽ፦ እሱንም “አልገባኝም”... (መስታወቱን ታያለች። እህቷን ታያለች። እህቷ የቤት ቀሚስና ነጠላ ጫማ ለብሳለች።) አንቺ... ለምንድን ነው ያልለበስሽው?

ታላቅ፦ እኔ የት ልሄድ?

ታናሽ፦ ውድድሩ!

ታላቅ፦ የምትወዳደረው አንቺ ነሽ።

ታናሽ፦ ምን?!

ታላቅ፦ ያን ዕለት የውድድሩን ቅጽ ይዤ መጥቼ “ከቀጮ ጋር የምትወዳደረው...” ብዬ ስጀምር “ገባኝ፣ ገባኝ!” ብለሽ ጫማዬን አስወልቀሽ ማራመድ ጀመርሽ። ሦስት ቀን ልነግርሽ ሞከርኩ። በአራተኛው ቀን ሳይሽ ካንቺ የተሻለ የሚራመድ ሰው የለም። ዝም አልኩ።

ታናሽ፦ ሦስት ሳምንት ሙሉ...!

ታላቅ፦ እኔ ከመቶ እርምጃ በላይ አልተራመድኩም። አንቺ ግን ጫማ ጨርሰሻል።

ታናሽ፦ አልሄድም! አውልቂልኝ!

ታላቅ፦ ዚፑን ሰፍቼዋለሁ። ማውለቅ ከፈለግሽ መቀደድ ነው።

ታናሽ፦ (ጨርቁን ትነካካለች፤ መቅደድ አትችልም) ጨካኝ! እኔ ሰው ፊት መቆም እንደማልችል ታውቂያለሽ! በአሥራ ሰባት ዓመቴ ትምህርት ቤት በተደረገው ውድድር...

ታላቅ፦ ከመድረኩ በር ሮጠሽ ተመለስሽ። ያኔም ቀሚሱን የሰፋሁት እኔ ነበርኩ። በዚፕ ብቻ ነበር፤ አወለቅሽው። ከስህተቴ ተምሬአለሁ።

ታናሽ፦ ደግሞ ልጅቷ የመረጠችው አንቺን ነው! እኔንማ ትጠላኛለች። ውኃው በረደ ብዬ እጮህባታለሁ፣ ፎጣው ረጠበ ብዬ እጮህባታለሁ...

ታላቅ፦ ወጣቶቹ ናቸው የሚመርጡት። ቅጹ ላይ “ለምን መረጥሻት?” ይላል። (ቅጹን ከኪሷ አውጥታ ታነባለች) “ማሳደጊያ ውስጥ ሲቆጡን ሁላችንንም አንድ ላይ ነው የሚቆጡን። እሷ ግን ለይታ እኔን ብቻ ነው የምትቆጣኝ።”

(ታናሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።)

ታናሽ፦ ኩሌ ከተበላሸ አንቺን ነው የምገድልሽ።

ታላቅ፦ ስለዚህ አታልቅሺ፤ ሁለተኛ አንሠራውም።

(ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ታላቅ በመስኮቱ ታያለች።)

ታላቅ፦ መጡ። ቀጮ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣለች። ቀሚሷ እንዳይጨማደድ ብላ እንደ እንጨት ደርቃ ነው የተቀመጠችው።

ታናሽ፦ ቆይ! ቆይ! ቅጹ ላይ... ዕድሜ ይጠይቃል አይደል?

ታላቅ፦ ይጠይቃል።

ታናሽ፦ ምን ብለሽ ጻፍሽ?

ታላቅ፦ ምን ልበል? የመሰለኝን። ሃምሳ አራት።

ታናሽ፦ ስንት?

ታላቅ፦ ሃምሳ አራት። አበዛሁት?

ታናሽ፦ (መስኮቱ መከፈቱን ረስታ ትጮኻለች) ሃምሳ አራት?! አንቺ ራስሽ ሃምሳ ሁለት ሆነሽ እኔን ሃምሳ አራት?! እኔ ሃምሳ ነኝ! ሰማሽ? ሃምሳ! ከሃምሳ አንዲት ቀን አልዘልም! ሃ — ም — ሳ!

(ጥሩምባው ይቆማል። ከመንገዱ ሳቅና ጭብጨባ ይሰማል። ታናሽ አፏን በሁለት እጇ ትይዛለች።)

ታላቅ፦ (በመስኮቱ) ሰምታችኋል? ሃምሳ ናት። (ቅጹን ለእህቷ ትሰጣታለች)

ታናሽ፦ (ታያለች) ባዶ ነው! ዕድሜ የሚለው ባዶ ነው!

ታላቅ፦ ባዶ ነበር። እኔ መጻፍ አቅቶኝ አይደለም፤ ግን ዳኞቹ ፊት ቆመሽ “አርባ ሦስት” ብትይ ከአርባ አምስት በታች ነሽ ብለው ሁለታችሁንም ይመልሷችሁ ነበር። አንዴ ከአፍሽ መውጣት ነበረበት። (እርሳሱን ከጆሮዋ አውርዳ ቅጹን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ትጽፋለች) ሃም... ሳ። ይኸው።

ታናሽ፦ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ።

ታላቅ፦ ሰማ። ያልሰሙት ዳኞቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ አያውቁሽም።

(ታናሽ ቅጹን ተቀብላ ቀጥ ትላለች። ደረት ወደ ፊት። ሦስት ሳምንት እንዳሳየችው እየተራመደች በሩ ጋ ደርሳ ትቆማለች። ትዞራለች፤ ትከሻዋ አልቀደመም።)

ታናሽ፦ ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። “አልገባኝም” ስትይ የከረምሽው ሁሉ ውሸት ነበር?

ታላቅ፦ አንዱ እውነት ነው። እሱ እስካሁን አልገባኝም።

ታናሽ፦ የትኛው?

ታላቅ፦ ፈገግታው። ጥርስ ይታያል ወይስ አይታይም?

(ታናሽ እየተናደደች ሳቅ ያመልጣታል። አንድ እጇ ቅጹን፣ ሌላው የቀሚሱን ጫፍ ይዟል፤ አፏን የምትሸፍንበት እጅ የላትም። የተነቀለችው ጥርስ ክፍተት ወለል ብሎ ይታያል።)

ታላቅ፦ እህ። ይታያል ማለት ነው።